ማርጌት አልሞተችም፣ ከሞትም አልተነሣችም

ሰሞኑን ስለ ማርጌት የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰው ሲቀባበለው ደርሶኝ አነበብኩት። ጸሐፊው የለንደን ነዋሪ ናቸው። በፈረንጆቹ በጋ ቤተሰባቸውን ይዘው በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኬንት ውስጥ ወዳለችው ወደዚህች የባሕር ዳር ከተማ ወርደው ነበር። የነገሩን ታሪክ ባጭሩ ይህ ነው። ማርጌት ድሮ የጨዋ ሰው መዝናኛ ነበረች። ርካሽ አውሮፕላን ሲመጣ ሞተች። በቦታው ስደተኛና የመንግሥት ድጎማ ጠባቂ ሰፈረበት። በ2011 ትልቅ የሥዕል ጋለሪ ተከፈተና ከሞት ተነሣች። ማሳረጊያው ላይ ደግሞ ለወገን ምክር አለ፦ ዋጋው ሳይሰቀል እዚያ አፓርታማ ግዙ፣ ለእረፍት ለሚመጣ ሰው በቀን አከራዩ።

ጽሑፉ ጥሩ ብዕር ያለው ነው። ስለ ጀምበር መጥለቂያው የጻፉት ልብ ይነካል፤ እውነትም ነው። እኔ ግን ማርጌት ውስጥ ክሊፍተንቪል በሚባለው ሰፈር ተከራይቼ ዓመታት ኖሬአለሁ። ታሪኩ እንደተነገረው አይደለም። ምክሩም በዝምታ የሚታለፍ አይደለም፤ አንዱ ገንዘቡን የሚያፈስበት፣ ሌላው ቤቱን የሚያጣበት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ድሮ የጨዋ ሰው መዝናኛ ነበረች»

ጸሐፊው ባቡር ገብቶ ተራው የለንደን ሕዝብ መጉረፍ ሲጀምር ከተማዋ ረከሰች ይላሉ። ባቡር ማርጌት የገባው በ1846 ነው። ተራው ሰው ግን ከባቡሩ ብዙ ቀድሞ ደርሷል።

ነገሩ የተጀመረው በሕክምና ነው። በ1700ዎቹ ሐኪሞች የባሕር ውሃ ለበሽታ ይበጃል ብለው ያዝዙ ነበር። በ1736 ቶማስ ባርበር የሚባል አናጢ የባሕር ውሃ መታጠቢያ ሠርቶ በጋዜጣ አስተዋወቀ። ኋላም ቤንጃሚን ቢል የሚባል ሰው ለመታጠቢያ ጋሪው የሸራ ድንኳን ጨመረለት። ጋሪው በፈረስ ተጎትቶ ውሃው ውስጥ ይገባል። ድንኳኑ ከኋላው እስከ ውሃው ድረስ ይወርዳል። ታጣቢዋ ማንም ሳያያት ወርዳ ትነከራለች። እዚህ ድረስ ነገሩ የባለገንዘብ ነው፤ አልክድም።

ማርጌትን የለያት ግን ጀልባዋ ነው። የኬንትን እህል ጭነው በቴምዝ በኩል ለንደን የሚገቡ የሸራ ጀልባዎች ነበሩ። ሲመለሱ ባዷቸውን ከሚመጡ ሰው ይጭናሉ፤ በርካሽ። ባለሱቁም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ሠራተኛዋም ተጨናንቀው፣ ባሕሩ እያንገላታቸው ይመጡ ነበር። በ1815 የእንፋሎት መርከብ ሲጀምር ጉዞው አጠረ፣ መንገደኛውም በብዙ በዛ። ባቡሩ ያገኘው ይህንን ሕዝብ ነው።

አንድ ሕንጻ ደግሞ ልጥቀስ። በ1791 ተመሥርቶ በ1796 ሥራ የጀመረ የባሕር መታጠቢያ ሆስፒታል ማርጌት ውስጥ ነበር። የተቋቋመው የአንገት እጢ ነቀርሳ ለያዛቸው የለንደን ድሆች ነው። ሕሙማኑን ከነአልጋቸው ወደ ውጭ አውጥተው የባሕር አየርና ፀሐይ ያስመቷቸው ነበር። እስከ 1996 አገልግሏል። ዛሬ ባሕሩን የሚያይ የመኖሪያ አፓርታማ ሆኗል። ጸሐፊው «የጥንቱ ክብር ምልክት» ብለው ፎቶውን የለጠፉት ይህንኑ ሕንጻ ነው። ለድሃ የተሠራ ነበር። ይህ ሳይጻፍ መቅረቱ ያሳዝናል።

«ርካሽ አውሮፕላን ገደላት»

ይህ ግማሽ እውነት ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የእንግሊዝ ሠራተኛ ወደ ስፔን መብረር መጀመሩ ማርጌትን ክፉኛ ጎድቷታል። በጥር 1978 ደግሞ ከ1855 ጀምሮ ባሕሩ ውስጥ ዘልቆ የቆመውን የመርከብ መውረጃ የብረት ድልድይ ማዕበል ሰባበረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1940፣ ከፈረንሳይዋ የወደብ ከተማ ከደንከርክ የተረፉ ከ46,000 በላይ ወታደሮች ወደ አገራቸው የገቡት በማርጌት በኩል ነበር። ሰው ያንን ድልድይ በአንድ ሌሊት ማጣቱን እስከ ዛሬ ያነሣዋል።

ግን ሰው መምጣቱን አላቆመም። ፀሐይ በወጣ ቁጥር አሸዋው ይሞላ ነበር፤ አሁንም ይሞላል። የቀረው የሚያድረው ሰው ነው። የማርጌት ታሪክ ቁልፉ እዚህ ነው፣ ጸሐፊው ግን በአንድ መስመር አለፉት።

ድሮ ቤተሰብ የሚመጣው ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት ነበር። በ1938 የደመወዝ እረፍት ሕግ ከወጣ በኋላ፣ በተለይም ከጦርነቱ ማግሥት፣ ይህን ማድረግ የሚችለው ሠራተኛ በዛ። የሚያርፈው ሆቴል ሳይሆን ፔንሲዮን ነው። አራትና አምስት ፎቅ ያለው፣ ከጎረቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት። ወጥ ቤቱ ምድር ቤት ነው። ባለቤቲቱ ቁርስና እራት ታቀርባለች። እያንዳንዱ መኝታ ክፍል ጥግ ላይ ትንሽ የእጅ መታጠቢያ ሳህን አለ። ሽንት ቤቱ በየፎቁ አንድ ነው። በየዓመቱ ያው ቤተሰብ ያችኑ ክፍል ይይዛል።

ማርጌት በእነዚህ ቤቶች ነው የኖረችው። ሠዓሊው ተርነር በልጅነቱ እዚያ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር። በስተርጅና ሲመላለስ የሚያርፈው ሶፊያ ቡዝ የተባለች ሴት ቤት ነበር። የዛሬው ጋለሪ የቆመው እሷ ሰው ታሳርፍበት በነበረው ቦታ ላይ ነው። አርቲስቷ ትሬሲ ኤሚንም ያደገችው ማርጌት ውስጥ፣ ቤተሰቧ በሚያስተዳድረው ሆቴል ነው። ሆቴሉ ሲከስር ከደህና ኑሮ ወደ ችግር ወረዱ። የእሷ ታሪክ የታወቀው እሷ ስለታወቀች ነው። በየመንገዱ እንደዚያ የወረደ ቤተሰብ ነበር።

አሁን አስቡት። የሳምንቱ እንግዳ ስፔን ሄዷል። ቤቱ ግን አሥር ክፍል እንዳለው ቁጭ ብሏል። ለአንድ ቤተሰብ በጣም ትልቅ ነው። በብርዱ ወራት ማሞቅ አይቻልም። ጨው ያዘለው ንፋስ መስኮቱንና ልስኑን ይበላዋል። ባለቤቲቱ አርጅታለች፣ ልጆቿ አይፈልጉትም። ትሸጠዋለች፤ ርካሽ ዋጋ ነው የምታገኘው። የሚገዛው ሰው እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ያከራያል። ለዚህ ብዙ ወጪ የለውም፤ መታጠቢያ ሳህኑ አስቀድሞ አለ። አንድ ምድጃ ካስገባበት ክፍሉ «ቤት» ሆነ።

እኔ የኖርኩበት ቤት እንዲህ ያለ ነበር። በሬ ላይ የፔንሲዮኑ ዘመን የክፍል ቁጥር፣ የነሐስ ሰባት፣ በአራት ድርብ ቀለም ተሸፍኖ ይነበብ ነበር። ራስጌዬ አጠገብ መታጠቢያ ሳህን። ምድር ቤት መግቢያ ላይ የኤሌክትሪክ ቆጣሪዎች ተደርድረው፣ እያንዳንዱ በፕላስተር ላይ የተጻፈ ስም ተለጥፎበት። ሲሚንቶው የተበላ ደረጃ፣ ንፋስ ሲነሣ የሚያፏጭ መስኮት። ከተማዋ ሞታ ባዶ ቀርታ አታውቅም። ቤቱ በሰው እንደተሞላ ነበር፤ የተለወጠው በውስጡ የሚኖረው ሰው ነው።

«ስደተኛና ድጎማ ጠባቂ አጠፋት»

እዚህ ላይ ጸሐፊውን በግልጽ እቃወማለሁ። በተለይ እኛ እንዲህ ብለን መጻፍ የለብንም።

የቀኑን ቅደም ተከተል እንይ። ፔንሲዮኖቹ መከስከስ የጀመሩት በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ነው። ጥገኝነት ጠያቂዎች በክሊፍተንቪልና በማርጌት አሮጌ ሆቴሎች በብዛት እንዲያርፉ የተደረገው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ቤቱ ከተሰነጣጠቀ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ የመጣ ሰው እንዴት ሰነጠቀው ይባላል?

ደግሞም ብዙዎቹ መርጠው አልመጡም። ለንደን ውስጥ ቤት ሲወደድ የለንደን ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) መጠለያ የሚሰጡትን ሰው ርካሽ ክፍል ወዳለበት ይልኩ ነበር። ከወላጆቻቸው የተለዩ በመንግሥት እንክብካቤ ሥር ያሉ ሕጻናትን ሳይቀር ወደዚህ አካባቢ ይልኩ ነበር። ኪራዩን የሚከፍለው መንግሥት ስለሆነ፣ አከራዩ ግድግዳው ቢሻግት እንኳ ገንዘቡን አያጣም። ድጎማው በተከራዩ ስም ይወጣል፣ የሚያድረው ግን በአከራዩ ኪስ ነው። ይህን ያህል የበላ ሰው በጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ አንድ ጊዜም አልተነሣም። የአካባቢው ካውንስል በ2011 ክሊፍተንቪልና መሀል ማርጌት ውስጥ ያሉ የግል አከራዮች ፈቃድ እንዲያወጡ ያስገደደው ሲቸግረው ነው።

ሰፈሩ ድሃ መሆኑ እውነት ነው። ክሊፍተንቪል ምዕራብ በመላው እንግሊዝ ካሉ እጅግ የተቸገሩ ሰፈሮች ውስጥ ይቆጠራል። ሥራው የወቅት ነው፤ በነሐሴ አስተናጋጅ የሆነ ልጅ በኅዳር ሥራ የለውም። ከተማዋ ያለችበት አካባቢ በሦስት ወገን ባሕር ስለሆነ ጎረቤት ከተማ ሄዶ የመሥራት ዕድሉም ጠባብ ነው። የብሪታንያ ፓርላማ የላይኛው ምክር ቤት ኮሚቴ በ2019፣ የእንግሊዝ ዋና የሕክምና ኃላፊ ክሪስ ዊቲ ደግሞ በ2021 ስለ ባሕር ዳር ከተሞች ሪፖርት አውጥተዋል። የዊቲ ሪፖርት የባሕር ዳር ሰዎች ጤና ከሌላው አገር በእጅጉ የከፋ መሆኑን ያሳያል። ይህ ማርጌት ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ብላክፑልም እንዲሁ ናት፤ ሄስቲንግስም። በሁሉም ቦታ ያለው አንድ ነገር ያው ትልቅ፣ ያረጀ፣ የተከፋፈለ ቤት ነው።

ከማርጌት ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ማንስተን አለ። በትንሽ ጀልባ የእንግሊዝን ወሽመጥ አቋርጠው የሚመጡ ሰዎች መጀመሪያ የሚያዙበት ቦታ። በ2022 መከር ወደ 1,600 ሰው ሊይዝ በታሰበ ግቢ ውስጥ ወደ 4,000 ሰው ታጭቆ ነበር። ከኤርትራ፣ ከሱዳን፣ ከእኛም አገር የመጡ ልጆች በዚያ መንገድ ያልፋሉ። ጥገኝነት ጠያቂ በመርሕ ደረጃ እንዲሠራ አይፈቀድለትም። እንዳይሠራ የተከለከለን ሰው «ሳይሠራ ይኖራል» ብሎ መክሰስ ግፍ ነው። ክሊፍተንቪል ውስጥ ባለው ኖርዝዳውን መንገድ ላይ ባዶ የቀሩ ሱቆችን ከፍተው ዳቦና የተጨሰ ሥጋ የሚሸጡት ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ሰዎች ናቸው። እኔ እዚያ ስኖር ያ መንገድ በእነሱ ነበር መብራት የነበረው።

«ጋለሪው አዳናት»

ጋለሪውን፣ ተርነር ኮንቴምፖራሪን፣ እወደዋለሁ። ሚያዝያ 2011 ሲከፈት መግቢያው ነጻ ነበር፣ አሁንም ነጻ ነው። ዴቪድ ቺፐርፊልድ የነደፈው ነጭ ሕንጻ ባሕሩን በትልቅ መስታወት ያስገባዋል። በመጀመሪያው ዓመት ወደ ግማሽ ሚሊዮን ሰው ጎበኘው። በ2019 የአገሪቱ ትልቁ የሥነ ጥበብ ሽልማት እዚያ ተካሂዶ አራቱም ዕጩዎች ሽልማቱን ተካፈሉት። ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው በነጻ ገብተው የሚስሉበት ቦታ ነው። ይህን ማንም አያሳንስብኝ።

ግን ሕንጻ ብቻውን ከተማ አያነሣም። ጋለሪው ከመከፈቱ ከአንድ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ2009 መጨረሻ፣ ፈጣኑ ባቡር ለንደን ካለው ከሴንት ፓንክራስ ጣቢያ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ማርጌት መግባት ጀምሯል። የለንደን ሰው ቤት መግዛት የጀመረው መንገዱ ስላጠረ ነው።

ሌላው ድሪምላንድ ነው። ጸሐፊው ልጆቻቸው እዚያ እንደተደሰቱ ጽፈው ማን እንዳተረፈው ሳይነግሩን አለፉ። ድሪምላንድ በ1920 የተከፈተ የመጫወቻ ስፍራ ነው። እምብርቱ ከእንጨት የተሠራው ሲኒክ ሬልዌይ ነው፤ ሽቅብ ቁልቁል ይሮጥ የነበረ ባቡር። ሐዲዱ ላይ ፍሬን አልነበረም። ፍሬን ያዡ ሰውዬ ራሱ ከተሳፋሪው ጋር ባቡሩ ላይ ቆሞ ይሄድ፣ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ትልቁን ዘንግ በእጁ ይስብ ነበር። ስፍራው ሲከስርና ባለቤቶቹ በሱቅና በቤት ሊተኩት ሲያስቡ፣ የከተማው ሰው ከ2003 ጀምሮ ዘመቻ ከፈተ። ፊርማ አሰባሰበ፣ ስብሰባ ጠራ። በ2008 እንጨቱን እሳት በላው፤ ሰዎቹ አልተዉም። ካውንስሉ ቦታውን በሕግ ኃይል ገዝቶ በሰኔ 2015 እንደገና ተከፈተ። በዓመቱ የሚያንቀሳቅሰው ኩባንያ በዕዳ ተያዘ፣ በ2017 ሌላ ገንዘብ ገብቶበት እንደገና ተነሣ። ይህ ሁሉ የነዋሪ ጭንቀትና ልፋት ነው። «ጋለሪ ተከፈተ፣ ከተማ ተነሣች» ሲባል እነዚህ ሰዎች ይረሳሉ።

የሚዘጋም አለ። ከ1911 ጀምሮ የከተማው ሰው ሲጨፍርበት፣ ኮንሰርት ሲሰማበት የኖረው ዊንተር ጋርደንስ በ2022 ተዘግቷል። ትንሣኤው ይህን አዳራሽ አላገኘውም።

የኪራይ ነገር ደግሞ አለ። ከተማዋ ስሟ ሲወጣ፣ በተለይ ከወረርሽኙ በኋላ፣ ከቤቱ መስራት የቻለ የለንደን ሰው መጣ። እኔ የነበርኩበት ቤት ባለቤት ቤቱን ሊሸጥ ሲል ለሁላችንም ደብዳቤ ሰጠን። በእንግሊዝ ሕጉ ያለ ምንም ምክንያት፣ በሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ተከራይን ማስወጣት ለረጅም ዘመን ይፈቅድ ነበር። በላይኛው ፎቅ የነበሩት አንድ አዛውንት ክፍላቸው ውስጥ ሃያ ዓመት ኖረዋል። ሐኪማቸው፣ ጓደኞቻቸው፣ የሚያጠምዱበት የባሕር ድንጋይ ሁሉ እዚያው ነው። በዚያ ዋጋ ሌላ ክፍል ማርጌት ውስጥ አላገኙም። ኋላ በዚያ ሳልፍ መግቢያው ላይ የደወሎቹ ቁልፎች ተነቅለው፣ ኮድ ያለው የቁልፍ ማስቀመጫ ሳጥን ተሰቅሎ አየሁ። በቀን የሚከራይ ቤት ሆኗል።

«የማይለወጠው ባሕሩ ብቻ ነው»

ይህ ባጭሩ ይመለሳል። ባሕሩም ተለውጧል። የአካባቢው የውሃና ፍሳሽ ኩባንያ ሳውዘርን ዋተር በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ፍሳሽ ሆን ብሎ በመልቀቁ በ2021 ፍርድ ቤት 90 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጥቶታል። በዚያው ዓመት በማርጌት ዙሪያ ባሉ የባሕር ዳርቻዎች «አትዋኙ» ተብሎ ነበር። ከዝናብ በኋላ ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው የውሃውን ጥራት ማስጠንቀቂያ ሳያይ አይግባ። ይህ ለቤተሰብ በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ መቅረት አልነበረበትም።

ደስ የሚለውም አለ። በዋልፖል ቤይ በ1937 በኮንክሪት የታጠረ ትልቅ መዋኛ አለ። ባሕሩ ሲሞላ ይሸፍነዋል፣ ሲሸሽ ውሃውን ትቶለት ይሄዳል። በየካቲት ብርድ ሳይቀር ሴቶች ኮፍያቸውን አድርገው ይገቡበታል፣ ሲወጡ ከፔርሙዝ ሻይ ይቀዳዳሉ። ክፍያ የለም፣ በር የለም።

ስለ ምክሩ

ጸሐፊው አፓርታማ ገዝታችሁ በቀን አከራዩ ብለዋል። መጀመሪያ በገዢው በኩል ልናገር። እነዚህ አፓርታማዎች በአብዛኛው የሚሸጡት በሊዝ ነው። ጣሪያው ሲያፈስ፣ የፊት ለፊቱ ልስን ሲረግፍ፣ ወጪው ለሁሉም ባለ አፓርታማ ይከፋፈላል። ጨውና ንፋስ ባለበት ቦታ ይህ በየጊዜው ይመጣል፤ ሂሳቡም በሺዎች ነው። በቀን የሚከራይ ቤት በሐምሌ ይሞላል፣ በጥር ባዶ ነው። የቤት ብድሩ ግን በጥርም ይከፈላል። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ደግሞ ካውንስሎች በሁለተኛ ቤት ላይ የሚያስከፍሉትን ግብር እጥፍ እንዲያደርጉ ሕግ ፈቅዶላቸዋል።

ከዚያ በተከራዩ በኩል። ብዙዎቻችን ለንደን ውስጥ በኪራይ ተባርረን እናውቃለን። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲነቀል፣ ዕቃ በጥቁር ፌስታል ታሥሮ ደጅ ሲወጣ አይተናል። ማርጌት ውስጥ አንድ ክፍል ለቀን እንግዳ ሲሰጥ ያው መባረር በሌላ ሰው ላይ እዚያ ይደገማል።

መግዛት የሚችል ወገን አይግዛ አልልም። ከገዛ ይኑርበት። ወይም በዓመት ውል ያከራየው። ማርጌት ውስጥ ትልቅ ሆስፒታል አለ፣ የአረጋውያን መጦሪያዎችም ብዙ ናቸው። ነርሶቹና ተንከባካቢዎቹ፣ ብዙዎቹ እንደኛ ከውጭ የመጡ፣ ዓመቱን ሙሉ ቤት ይፈልጋሉ። ኪራዩ ከሐምሌው የቀን ዋጋ ያንሳል። ግን በጥርም ይገባል።